ስጠራው የማይመጣ ውሻ እና የኤሌክትሪክ የአንገት ቀበቶ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። መቻል የሚባል የሦስት ዓመት ወንድ ውሻ አለኝ፤ እናቱ የሐበሻ፣ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ወደ ጦሳ ግርጌ ይዤው እወጣና ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ እፈታዋለሁ። ከዚያ በኋላ በግ ካየ፣ ሌላ ውሻ ካየ ወይም አንድ ነገር ከሸተተው «ና!» ብለው፣ ብጮህ፣ ባፏጭ ዞር ብሎ እንኳ አያየኝም። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት እጠብቀዋለሁ። በመጨረሻ ሲመጣ በማሰሪያው አንድ ሁለቴ ሸንቆጥ አድርጌው፣ አስሬው ወደ ቤት እንወርዳለን። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከግቢ አምልጦ ከሱብሂ ሶላት የሚመለሱ ጎረቤታችን ላይ ዘለለና ጋቢያቸውን በምራቁ አበላሸባቸው። ውጭ አገር ያለ ዘመዴ በሪሞት የሚሠራ፣ ውሻው አልታዘዝ ሲል አንገቱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚለቅ ቀበቶ ሊልክልኝ ነው፤ «በሳምንት ይታረማል» ይለኛል። ይላክልኝ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ ጎረቤትዎን ይቅርታ ጠይቀው ጋቢያቸውንም አሳጥበው እንደሆነ አምናለሁ። ሰው ውዱእ አድርጎ ወጥቶ የውሻ ምራቅ ሲነካው ልብሱን እንደገና ማጠብ ይኖርበታልና ነገሩ በወሎ ጉርብትና ውስጥ ቀላል አይደለም።

ስለ ቀበቶው ከመናገሬ በፊት ግን ከደብዳቤዎ አንዲት ዐረፍተ ነገር ላንሣ። «በመጨረሻ ሲመጣ በማሰሪያው አንድ ሁለቴ ሸንቆጥ አድርጌው፣ አስሬው ወደ ቤት እንወርዳለን» ብለዋል። መቻል የተገረፈው ግማሽ ሰዓት በመጥፋቱ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ውሻ ቅጣትንም ሆነ ሽልማትን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው፤ እርስዎ ሲሸነቁጡት እያደረገ ያለው ነገር ደግሞ መምጣት ነው። ስለዚህ ባለፉት ሦስት ዓመታት «ና» ማለት ግርፊያ፣ ሰንሰለትና የጨዋታ ማብቂያ ማለት እንደሆነ ተምሯል። ትምህርቱንም በሚገባ ይዞታል፤ ሰነፍ ተማሪ አይመስለኝም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንሂድ። በውሻው አንገት ላይ የሚታሰረው ባትሪ ያለው ትንሽ ሳጥን ከሥሩ ቆዳ የሚነኩ ሁለት የብረት ጫፎች አሉት፤ ሪሞቱ በባለቤቱ እጅ ይቀራል። ቁልፉ ሲጫን በሁለቱ ጫፎች መካከል አጭር የኤሌክትሪክ ንዝረት ያልፋል፤ መጠኑም ከሪሞቱ ላይ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። ብዙዎቹ ከዚህ ሌላ ድምፅ ብቻ የሚያሰማና እንደ ሞባይል የሚርገበገብ ቁልፍ አላቸው። ከዓመታት በፊት አንዱን ክንዴ ላይ አስሬ ሞክሬዋለሁ። ዝቅተኛው መጠን ላይ ጉንዳን የሄደብኝ ያህል ነበር፤ መሃሉ ላይ ስደርስ ሪሞቱን ከእጄ ጣልኩት። ቁልፉን የምጫነው እኔው ሆኜ፣ መቼ እንደሚመጣም እያወቅሁ ደነገጥሁ። ውሻው ከየት እንደመጣበት እንኳ አያውቅም።

በመሣሪያው የሚሠሩ ጠንቃቃ አሠልጣኞች እንደ ጅራፍ አይጠቀሙበትም። ውሻው ጆሮውን ነቅነቅ ብቻ የሚያደርግበትን ዝቅተኛ መጠን ይፈልጋሉ፤ ከዚያም ውሻውን በረጅም ገመድ ወደ ራሳቸው እየሳቡ ቁልፉን ይጫናሉ፤ ፊቱን ወደ እነሱ ባዞረባት ቅጽበት ይለቁታል። ውሻው በጊዜ ብዛት «ስጠራ ብመለስ ይህ ነገር ይቆማል» የሚለውን ይማራል። እንግዲህ በእነሱም ዘንድ ሥራው የሚጀምረው ከገመድ ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ እጅም ፈጣን መሆን አለበት። መጥሪያውን ቀድሞ ያልተማረ ውሻ ንዝረቱ ሲመጣበት የት መሄድ እንዳለበት አያውቅም፤ አንዳንዱ ባለበት ይተኛል፣ አንዳንዱ ከባለቤቱ ርቆ ይሸሻል። ዘመድዎ የነገረዎት የአንድ ሳምንት ተአምር ይህን ሁሉ ዘሎ ያለፈ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውሻው ሕመሙን ከማን ጋር እንደሚያያይዘው ባለቤቱ መምረጥ አለመቻሉ ነው። አንድ የቦሩ ሜዳ ሰው ውሻውን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ውሻው አህያ ሲያሳድድ ሦስት ጊዜ ቁልፉን ተጭኖበታል። በሦስተኛው ጊዜ ውሻው ዓይኑን የተከለው አህያው ላይ ሳይሆን ከኋላ በሚነዳው፣ ዱላ በያዘው ልጅ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አህያ ሲያልፍ ዝም ይላል፤ ዱላ የያዘ ልጅ ሲያይ ግን የጀርባው ፀጉር ይቆምና ጥርሱን ያሳያል። አንገቱን የነደፈው ያ ልጅ እንደሆነ ደምድሟል። ጦሳ ግርጌ ደግሞ በግ ባለበት ሁሉ እረኛ ልጅ አለ። መቻል አንዱን ቢነክስ የልጁ ቁስል፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባቱ፣ ከወላጆቹ ጋር የሚመጣው ሽምግልና በእርስዎ ትከሻ ላይ ነው።

የደሴ አየርና መልክዓ ምድርም ለዚህ መሣሪያ አይመችም። ሪሞቱ የሚሠራው በሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ በማስታወቂያው የሚጠቀሰው ርቀት ገላጣ ሜዳ ላይ የሚገኝ ነው፤ ውሻው ከጉብታ ጀርባ ወይም ወደ ሸለቆ ከገባ ቁልፉን ቢጫኑም ላይደርስ ይችላል። በክረምት ጉሙ ሲወርድ አሥር ሜትር ርቆ ያለውን ውሻ እንኳ አያዩትም፤ በዚያች ቅጽበት ምን እያደረገ እንደሆነ ሳያዩ መጫን ደግሞ ምናልባት እየተመለሰ ያለን ውሻ መቅጣት ነው። ዝናብ ያራሰው ፀጉርና ደረቅ ፀጉር አንድ ዓይነት ንዝረት አያስተላልፉም። በዚያ ላይ በግ እያሳደደ በስሜት የጋለ ውሻ ግቢ ውስጥ ያስደነገጠውን መጠን ላይሰማው ይችላል፤ ባለቤቱም ተናዶ መጠኑን ከፍ ያደርጋል፣ እንደገና ከፍ ያደርጋል። ቀስ ተብሎ የተጀመረው ነገር ሕመም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮህ ደንግጦ ለሚሸሽ ውሻ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም፤ የፈራን ማስፈራራት ይሆናል።

ጥናት ምን ይላል ለሚል አንባቢ ሁለቱን ልጥቀስ። በእንግሊዝ አገር የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ሲፈቱ አልታዘዝ ያሉ 63 ውሾች በሦስት ቡድን ተከፍለው ሠልጥነዋል፤ አንዱ ቡድን በኤሌክትሪክ ቀበቶ፣ ሌላው በእነዚያው አሠልጣኞች ያለ ቀበቶ፣ ሦስተኛው በዋናነት በሽልማት። ቀበቶው ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አላስገኘም፤ በሽልማት የሠለጠኑት ግን በመጀመሪያው ጥሪ የመታዘዝ ልማዳቸው የተሻለ ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ በ19 ውሾች ላይ በተሠራ ጥናት፣ የሚሮጥ ማባበያ ማሳደድን በጥቂት የልምምድ ቀናት ያቆሙት ቀበቶ የታሰረላቸው ብቻ ናቸው፤ ምግብ የተሰጣቸው በዚያ አጭር ጊዜ አላቆሙም። ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም፤ ማሳደድን ማስቆም ከሁሉም የከበደው ሥራ ነው። ያም ሆኖ የ19 ውሾች ሙከራ፣ በባለሙያ እጅ፣ በታጠረ ቦታ ነው፤ ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ እረኛ ባለበት፣ ቁልፉን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚጫን ሰው እጅ የተደረገ አይደለም። ዌልስ መሣሪያውን ውሻ ላይ መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ ከልክላለች፤ ኦስትሪያና ጀርመንም አይፈቅዱም።

ስለዚህ መልሴ «ይቅር» ነው። በምትኩ የሚያደርጉት ይህ ነው። «ና» የሚለውን ቃል ለውሻው ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ረክሷል። ደግሞም ሰፈር ውስጥ «ና» እየተባለ ቀኑን ሙሉ የሚጠራው መቻል ብቻ አይደለም። ከስፖርት ዕቃ መሸጫ አንድ ፊሽካ ይግዙ። ከሥጋ ቤት ሳንባ አስቆርጠው ይቀቅሉና በጣት ጫፍ ልክ ይክተፉት። በጾም ወራት የክርስቲያኑ ሉካንዳ ቢዘጋም የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ክፍት ነው፤ ውሻው እንደሆነ በዚህ ላይ ጥያቄ የለውም። ለመጀመሪያው ሳምንት ግቢ ውስጥ፣ መቻል ምንም በማያደርግበት ሰዓት ፊሽካውን አጠር አድርገው ሁለት ጊዜ ይንፉና ወዲያው ሳንባ ያጉርሱት። ምንም አይዘዙት፤ ፊሽካና ሳንባ ብቻ። በቀን አሥር ጊዜ ይበቃል። ፊሽካውን ሲሰማ እርስዎን ፍለጋ እየሮጠ ሲመጣ ሥሩ ተተክሏል ማለት ነው።

ከዚያ አሥር ወይም አሥራ አምስት ሜትር ገመድ ያስፈልግዎታል። ገመዱን ከአንገቱ ሳይሆን ከደረት ማሰሪያ ላይ ይቋጩት፤ ሮጦ ጫፉ ላይ ሲደርስ በድንገት የሚይዘው አንገቱን ከሆነ ይጎዳል። የናይሎን ገመድ መዳፍ ስለሚልጥ ጓንት ያድርጉ፤ እጅዎ ላይ በፍጹም አይጠምጥሙት። ገመዱን መሬት ላይ እየጎተተ ይሂድ። ሣር እያሸተተ ሳለ እንደ ግቢው ልምምድ በሁለት አጭር ፊሽካ አንድ ጊዜ ይጥሩት፤ ጥሪውን አይደጋግሙ። ቀና ካለ ወደ ኋላ ይራመዱ፣ ቁጢጥ ይበሉ፤ ውሻ ከሚከተለው ሰው ይልቅ የሚርቀውን ይከተላል። ሲደርስ አንድ ጉርሻ ሰጥተው አይጨርሱ፤ አምስት ስድስቱን በተከታታይ አንድ በአንድ ያጉርሱት፣ በሌላው እጅዎ የአንገቱን ቀበቶ ያዝ ያድርጉና መልሰው «ሂድ፣ ተጫወት» ብለው ይልቀቁት። ቀና ካላለ ቆመው ገመዱን ይያዙ፤ አይጎትቱት፣ አይጩሁ፤ ቦታው ገና ከብዶታል ማለት ነውና በሚቀጥለው ቀን ጸጥ ወዳለ ሥፍራ ይመለሱ።

ይህችን የመልቀቅ ነገር አደራ እላለሁ። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ከመጣ በኋላ መልሰው ወደ ጨዋታው ይላኩት። ወደ ቤት መሄጃ ሰዓት ሲደርስ በፊሽካ አይጥሩት፤ በእግርዎ ሄደው፣ ሳንባ እያሸተቱት ይያዙት። ዘግይቶ ከመጣም ምንም ያህል ቢያበሳጭዎ ያመስግኑት። እኔ በዚህ ፈተና ደጋግሜ ወድቄአለሁ፤ ዝናብ ላይ አንድ ሰዓት ያቆመኝን ውሻ ጥርሴን ነክሼ «ጎበዝ» ስለው ድምፄ ራሱ ያሳብቅብኝ ነበር።

በገመድ ሁለት ሦስት ወር ሠርተው ሰው፣ ውሻና ዶሮ ባለበት ሁሉ በመጀመሪያው ፊሽካ ከመጣ፣ በጎች በማይሰማሩበት ቦታ መፍታት ይችላሉ። በግ ባለበት ግን ገመዱ አይውለቅ፤ ይህን የምለው ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ አይደለም። የአንድ በግ ዋጋ ምን ያህል እንደደረሰ ለደሴ ሰው አልነግርም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን እጠብቃለሁ። ለዘበኛው ውሻ አሠሪዬ በሪሞት የሚሠራ ቀበቶ ሰጥቶኝ ቀንም ሌሊትም ሳላወልቅ አንድ ወር አቆየሁት። አሁን አንገቱ ሥር ሁለት ክብ ቁስል ወጥቶ ይሸታል። ኤሌክትሪኩ አቃጥሎት ይሆን?

መልስ፦ ቁልፉን እምብዛም ባይጫኑት እንኳ ሊቆስል ይችላል። ሁለቱ የብረት ጫፎች አንድ ቦታ ላይ ቀን ከሌት ሲጫኑ ደም ወደዚያ ቆዳ በደንብ አይደርስም፤ ቆዳው ይሞታል፣ ይቆስላል። አምራቾቹም ለብዙ ሰዓት ታስሮ እንዳይውል፣ በየሰዓቱም ቦታው እንዲቀየር በመመሪያቸው ያስጠነቅቃሉ። ቀበቶውን ዛሬውኑ ያውልቁ፤ በአካባቢው ያለውን ፀጉር በመቀስ አሳጥረው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይጠቡት። ነጭ ጋዝ አያፍስሱበት። የኮምቦልቻ ሙቀት ዝንብ ያበዛልና ቁስሉ ትል ሳያወጣ ነገ ጠዋት ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። እስኪድን ድረስ ማሰር ካለብዎት በደረት ማሰሪያ ይሁን።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ሴት ቡችላ አለችኝ። ቀበቶው ከስንት ወሯ ጀምሮ ይታሰርላታል? ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ።

መልስ፦ አይታሰርላት። በዚህ ዕድሜዋ ሳይጠሯትም እግርዎን ትከተላለች፤ ከስድስት ወሯ በኋላ ዓለም እየሰፋባት መራቅ ትጀምራለች። ከላይ የገለጽኩትን የፊሽካና የሳንባ ልምምድ ከዚያ በፊት፣ አሁን ይጀምሩት፤ ከትልቅ ውሻ ይልቅ እጅግ ይቀልዎታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ጀምሮ ስለሚሰጥ እስካሁን ካልተከተበች ግን ከግቢ አያውጧት።