ጥያቄና መልስ፦ ክህነት የሚሻ ከየት ይጀምር?

ስለ ክህነትና ስለ ዕድሜ ልክ አገልግሎት ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ይዣለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ፤ አሁን ግን ቀሪ ዘመኔን በክህነት ማገልገል እፈልጋለሁ። ግዕዝ አልችልም። መንፈሳዊ ኮሌጅ ልግባ ወይስ የአብነት ትምህርት ልጀምር? ምን ያህልስ ይፈጃል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ኮሌጁ ይቆይ። ቅድስት ሥላሴም ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ነገረ መለኮት፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክና ስብከት ያስተምሩሃል፤ ግብረ ዲቁና (የዲያቆኑን የቅዳሴ ድርሻ) ያላጠና ሰው ግን ዲግሪ ቢደራርብም መቅደስ ገብቶ የሚሠራው የለም። ሰባኬ ወንጌል ለመሆን ከሆነ ያሰብከው ነገሩ ሌላ ነው፤ ስብከት የግድ ማዕርገ ክህነት አይጠይቅም። ብዙ ወጣት «ጥሪ አለኝ» ሲል ልቡ የሚመኘው መድረኩን ነው። መቅደሱን ወይስ ዓውደ ምሕረቱን እንደምትሻ መጀመሪያ ለይ።

መቅደሱን ከሆነ፣ ከየኔታ በፊት ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ዲቁና የሚሰጠው ድንግልናውን ለጠበቀ ወንድ ነው። እንቅፋት ካለ ሁለት ዓመት ተምረህ ከምትሰማው ዛሬ ብትሰማው ይሻላል። ደግሞም በሩ ሁሉ አይዘጋም፤ በማኅሌት፣ በስብከት፣ በምንኩስና የሚያገለግሉ ብዙ ናቸው።

ትምህርቱ ከንባብ ቤት ይጀምራል። ፊደሉን ብታውቅም አቡጊዳውን፣ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን በሦስቱ የንባብ ዓይነቶች፣ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ፣ ትሄድበታለህ። ወንጌለ ዮሐንስ ይከተላል፤ መጨረሻው ዳዊት መድገም ነው፤ 150 መዝሙር፣ 15 ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ጎን ለጎን ውዳሴ ማርያምን በቃልህ ትይዛለህ። በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ ሥራ ላለው ሰው ይመቻል፤ የሰኞውን ክፍል ሳትይዝ ወደ ማክሰኞው አትለፍ።

ጎልማሶች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚሁ ንባብ ላይ ነው። አማርኛ ስለሚያነቡ ግዕዙም ያው ይመስላቸዋል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የግዕዝ ቃላት አነባበቦች ሳይለዩ ወደ ቅዳሴ ይዘላሉ። ወዳቂውን አንሥቶ፣ ተነሹን ጥሎ የሚያነብ ዲያቆን ድምፁ ቢያምርም በሊቃውንት ፊት ሁለት መስመር ሳይሄድ ይታረማል፤ የለመደውን አፍርሶ እንደገና መገንባት ደግሞ ከአዲስ ከመማር ይከብዳል። ስለዚህ በንባቡ ላይ አትቸኩል።

ቀጥሎ ቅዳሴ ቤት ነው፤ ሥርዓተ ቅዳሴውንና የዲያቆኑን ድርሻ ከነዜማው የምታጠናበት። ስልክህን እዚህ ጋ አስቀምጠው። ቅጂ እያዳመጡ የሚያጠኑ ሁለት ችግር ይገጥማቸዋል። አንደኛ፣ ቅጂ ስሕተትህን አያርምህም። ሁለተኛ፣ የቅዳሴ ዜማ የየቤቱ ስልት አለው፤ ለምሳሌ ሰለልኩላና ደብረ ዓባይ የተባሉት የዜማ ቤቶች ስልት አንድ አይደለም። ግማሹን ከቅጂ፣ ግማሹን ከመምህር የወሰደ ልጅ ሁለቱን ይቀላቅልና ከሌሎቹ ልዑካን (አብረውት ከሚቀድሱት ካህናትና ዲያቆናት) ጋር ሳይገጥም ይቀራል። አንድ መምህር ያዝ፤ ከእርሱ የተማርከውን ለማስታወስ ቅጂው አይከፋም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ በኋላ እየተማርክ ከሁለት ዓመት በታች እጨርሳለሁ ብለህ ባታስብ ይሻላል። ጾመ ድጓና ድጓ የተባሉት የዜማ መጻሕፍት፣ ቅኔው፣ የማኅሌቱ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜው የዓመታት ትምህርት ናቸው፤ ለዲቁና ግን ቅድመ ሁኔታ አይደሉም።

ስትደርስ የመምህርህን ምስክርነትና የደብርህን ሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ ይዘህ በወረዳው ቤተ ክህነት በኩል ወደ ሀገረ ስብከቱ ትቀርባለህ፤ ተፈትነህ ካለፍክ ሊቀ ጳጳሱ ይሾምሃል። ዝርዝሩ በየሀገረ ስብከቱ ይለያያልና ከደብርህ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። «ጳጳሱ በሚቀጥለው ወር ስለሚመጡ» ተብሎ ሳይበስል የሚላክ ተማሪ አለ፤ ይህ የሚጎዳው ራሱን ልጁን ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ዲያቆናት አስቀድመው ይፈተኑ ያለው፣ በማንም ላይ ፈጥነህ እጅህን አትጫን ያለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ለቅዳሴ በትንሹ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት። አዲስ ዲያቆን መብራት ይዞ ሦስተኛ ሆኖ ቢጀምር መልካም ነው። ንፍቅ (ረዳት) ዲያቆን ሲሆን ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ሠራዒ (ዋና) ዲያቆን ሲሆን የጳውሎስን መልእክት ያነባል። ያን ጊዜ የንባብ ቤት ድካምህ ዋጋው ይታይሃል።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ፤ ቅስና መቀበል እሻለሁ። እጮኛ አለችኝ። ቤተሰቦቻችን «አሁን በማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙና በሆቴል ደግሱ፤ ቁርባኑ ሲመቻችሁ ይደርሳል» ይላሉ። ችግር አለው?
ዲያቆን፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አለው፤ ከባድ ነው። ጋብቻው ከቅስና መቅደም አለበት፤ ካህን ከሆኑ በኋላ ማግባት የለም። ያም ጋብቻ በተክሊል (በሙሽሮች የአክሊል ጸሎት) እና በቅዱስ ቁርባን የተፈጸመ መሆን አለበት። ተክሊል ለደናግል ነው፤ ላልሆኑት የሚደርሰው የመዓስባን ጸሎት ነው፤ ዲያቆን ደግሞ የሚያገባት ድንግል መሆን ይገባታል። ቁርባኑን አቆይታችሁ አብራችሁ መኖር ከጀመራችሁ ቅስናው ብቻ ሳይሆን ዲቁናህም ይቀራል። ፊርማው ለሕጋዊ ጉዳይ ቢያስፈልግ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን እስኪፈጸም በየቤታችሁ ቆዩ። ቀኑ ከአጽዋማት ውጪ ይሁን፤ ሁለታችሁም ለቁርባኑ 18 ሰዓት ትጾማላችሁና ቤተሰብ ድግሱን በዚያው ልክ ያዘጋጅ።

ከሠርጉ በፊት እጮኛህን አስቀምጠህ ንገራት። የካህን ሚስት ባሏ በሚቀድስበት ዋዜማ ከመኝታ ትለያለች፤ የንስሐ ልጅ በሌሊት ሲታመም ባሏ ተነሥቶ ይሄዳል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ቤት አይገኝም። ብትሞትበት ሌላ አግብቶ በክህነት ሊቀጥል አይችልም። ደመወዙ ደግሞ በብዙ ደብር አነስተኛ ነው፤ ሌላ ሙያ ካለህ አትጣለው። እርሷ ይህን ሰምታ ብታመነታ ቅስናውን አዘግየው፤ ክርክር አታንሣ።

ጥያቄ፦ በቤት ሠራተኛነት እኖራለሁ፤ ዕረፍቴ እሑድ ብቻ ነው። ሴት ብሆንም እግዚአብሔር ለአገልግሎት የጠራኝ ይመስለኛል።
እኅታችሁ፣ ከቤይሩት

መልስ፦ እኅታችን፣ ማዕርገ ክህነት ለሴቶች አይሰጥም፤ ይህን መሸፋፈን አይጠቅምሽም። ትምህርቱ ግን አይከለከልም። በጎጃም ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ አስተምረው ወንዶች ሊቃውንትን አፍርተዋል። አንቺም በእሑዷ ቀን አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ መዘምራን ውስጥ መግባት ወይም ልጆችን ፊደልና ውዳሴ ማርያም ማስተማር። ሁለቱንም የያዘች፣ በዚያ ላይ የማኅበር ገንዘብ ያዥነት የተጫነባት እኅት ደክማ ሁሉንም ትተዋለች። በሌሎቹ ቀናት የዕለቱን የውዳሴ ማርያም ክፍል ሥራ እየሠራሽ በቃልሽ ማለት ትችያለሽ። ምንኩስናን ካሰብሽ አገር ገብተሽ በሴቶች ገዳም በረድእነት (በጀማሪ አገልጋይነት) ሳትፈተኚ ቃል አትግቢ፤ የቤተሰብሽ እዳ ካለም እርሱ አስቀድሞ ይከፈል።