የተቆለፈው ክፍል

ልጆቼ፣ በየከተማው አስተዳደር ትምህርት መምሪያና ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመራችሁ ወሎዬዎች፣

እኔ ደሴ ላይ የትምህርት ዕቅድ ባለሙያ ሆኜ ነው ያረጀሁት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፒያሳ ቡና ስጠጣ አንዳንዶቻችሁ ጠጋ ብላችሁ «ጋሼ፣ ፖሊሲው ከፌዴራል ይመጣል፣ መመሪያው ከክልል ይወርዳል፤ ለከተማ ምን ቀረው?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አገር አቀፍ የትምህርት መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ ማውጣትን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ለከተማ የቀረው ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ ውሃውና መሬቱ ነው። ይህ ትንሽ ከመሰላችሁ አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት አራት መማሪያ ክፍሎች ያሉት ብሎክ አስገነባን። ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሪባን ተቆረጠ፤ ሪፖርቱም «መቶ በመቶ ተከናውኗል» አለ። ኅዳር ላይ ለክትትል ስሄድ ክፍሎቹ ተቆልፈዋል። በመስኮት ባጮልቅ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢትና የወፍ ኩስ ብቻ። ከጎን ባለው አሮጌ ክፍል ግን ለሦስት በተሠራ ዴስክ አምስት ልጆች ተጣብቀዋል፤ ዳር ያለችው ልጅ እንዳትወድቅ አንድ እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጽፋለች። ርዕሰ መምህሩን «ምነው?» ብላቸው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «ዴስክ ይዘው ከመጡ ይክፈቱት» አሉኝ።

ግንባታው ለግንባታ በተያዘው የካፒታል በጀት ነበር። ዴስኩ ለብቻው መያዝ ነበረበት፤ ረሳሁት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 የጀመረ ስለሆነ በኅዳር ለነቃ ሰው ገንዘብ አይጠብቀውም። ከሌላ ሥራ ተቀንሶ፣ ጨረታ ወጥቶ ዴስኩ ሲደርስ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተጋምሶ ነበር። የትምህርት ቤት ደረጃው በአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ከ50 ተማሪ እንዳይበልጥ ይል ነበር። ደረጃው እዚያ ግቢ ውስጥ የተሻረው እኔ ባልሞላኋት አንዲት መስመር ነው።

ሁለት የትምህርት ፖሊሲ አይቻለሁ፤ አንዱን ቢሮ ሆኜ፣ አንዱን በጡረታ። የ1986ቱ ትምህርቱን 8-2-2 (አንደኛ ደረጃ 8፣ ሁለተኛ ደረጃ 2፣ መሰናዶ 2 ዓመት) ብሎ ከፈለው፤ የ2015ቱ 6-2-4 (አንደኛ 6፣ መካከለኛ 2፣ ሁለተኛ 4 ዓመት) አደረገው። ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ከተማ ላይ ሲደርሱ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ። 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ከተባሉ ቤተ ሙከራቸው የት ይቆማል? ቅድመ አንደኛ የሚገቡት ሕፃናት ቁመታቸው የሚደርስበት የእጅ መታጠቢያ ማን ያሠራላቸዋል? ሚኒስትሩ አይደሉም፤ እናንተ ናችሁ።

መሬትን በተመለከተ ባጭሩ፦ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተጣበቀች ከተማ ናት፤ ሜዳ ብርቅ ነው። የይዞታ ካርታ የሌለው ትምህርት ቤት አጥሩ በየክረምቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለ ከተማው ፕላን በሚመከርበት ስብሰባ ላይ ሳይጠሯችሁም ቢሆን ሂዱና ተቀመጡ።

ሕዝቡን ደግሞ አትናቁ። ከሰሜን የተፈናቀለው ወገናችን በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ በደሴ ትምህርት ቤቶች ሲጠለል፣ ዳቦና ብርድ ልብስ ይዞ የደረሰው የሠፈር ሰው ነበር። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ቅሬ (የሠፈሩ ዕድር) ላይ ተገኙ፤ የትምህርት ቤቱን ችግር እዚያ ካነሳችሁት አንዱ አናጺ፣ አንዱ ግንበኛ ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን መዋጮን የበጀት ምትክ የሚያደርግ አለቃ ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉት። ድሃ እናት ለጠመኔ እያዋጣች ከተማው ለአደባባይ ፏፏቴ ገንዘብ ሲያወጣ ዝም ማለት ሥራችሁ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ማንም አይሰማችሁም፤ አብሽሩ። የበጀት ጥያቄ ለማስረዳት ስትጠሩ ሰንጠረዣችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ አንድ ርዕሰ መምህር አስከትሉና እሳቸው ይናገሩ። እኔ ያን ዓመት እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያ ቁልፍ እሳቸው ኪስ ውስጥ ባልከረመ ነበር።