አካፋውን ከማንሳታችሁ በፊት ቁጭ በሉ

ውድ ልጆቼ፣

ክረምት በመጣ ቁጥር ጅማ ውስጥ አዲስ ቲሸርት የለበሱ የበጎ ፈቃድ ወጣቶች አያለሁ። ቦይ ይጠርጋሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ የአቅመ ደካማ ጣራ ያድሳሉ። ደስ ይለኛል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ በእኛ ጊዜ «ሳኒታሪያን» ነበር የምንባለው። ዕድሜዬን ሽንት ቤትና ቦይ ሳይ ነው የፈጀሁት። እናም አንድ ቅሬታ አለኝ። ሥራውን ትሠራላችሁ፤ ቁጭ ብላችሁ ግን አትነጋገሩበትም።

ስብሰባ አብዙ ማለቴ አይደለም። ስብሰባማ ሞልቷል። ሁለት ሰው ይናገራል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል፣ መጨረሻ ላይ ይጨበጨባል። እኔ የምለው ስድስት ሰባት ሆናችሁ በርጩማ ስባችሁ የምትቀመጡትን ነው። በርጩማ ደግሞ ጅማ ውስጥ አይጠፋም። ከዚያ ከበዛችሁ ለሁለት ተከፈሉ። ጥቂት ሰው ባለበት ዝም ብሎ መደበቅ አይቻልም።

ነገሩ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መታወቂያው አደረገ። ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ሲቢቲፒ» የሚሉት ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም የዚሁ አካል ነው። በቡድን ሆነው ቀበሌ ይወርዳሉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ የትኛው ችግር ይቅደም ብለው ይከራከራሉ፣ ከዚያ አቅማቸው የፈቀደውን ይሠራሉ። አብሬያቸው ስወርድ እንዳየሁት፣ ከመጠይቁ ይልቅ ክርክሩ ነበር የሚያበስላቸው።

አንዱን ላጫውታችሁ። አዌቱ ወንዝ አጠገብ ባለ ሰፈር ተማሪዎች ቦይ ጠርገው ነበር። በሳምንቱ ጢም ብሎ ሞላ። ማታ ሲወያዩ አብዛኞቹ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም፣ ትምህርት እንስጥ» አሉ። እንዲህ ማለት ይቀላል፤ ጥፋቱን ሌላው ላይ ጥሎ ያሳርፋል። አንዲት ድምፅዋ እንኳ በቅጡ የማይሰማ ልጅ ግን «እናቶቹን ለምን አንጠይቃቸውም?» አለች።

በነጋታው ሁለት እናቶች ለቡና መጡ። አንደኛዋ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላዋ በአማርኛ ተናገሩ፤ ያሉት ግን አንድ ነው። የቆሻሻ ጋሪው በጠባቧ መንገድ አይገባም። ስለዚህ ዝናብ ጠብቀው ቦዩ ውስጥ ይደፉታል፤ ጎርፉ ወደ አዌቱ ይወስደዋል። ዝናቡ ቶሎ ካባራ እዚያው ተከምሮ ይቀራል። ጉዳቱን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ተቅማጥ የሚይዘው የእነሱን ልጆች ነው። ትምህርት የመስጠቱ ነገር ቀረና ጋሪ ገፊዎቹን ማነጋገር ተጀመረ። በሳምንት አንድ ቀን መንገዷ አፍ ላይ ቆመው ሊጠብቁ ተስማሙ። ቦዩ ጠራ አልልም። ውኃው ግን መሄድ ጀመረ።

ስለዚህ ስትወያዩ የሰፈሩ ሰው አብሯችሁ ይቀመጥ፣ በሚቀለው ቋንቋም ይናገር። የሚያስተረጉም አይጠፋም፤ ጅማ ነው እኮ። መሪያችሁ መጨረሻ ላይ ይናገር። እሱ ከቀደመ ሌላው «እኔም በዚህ ሐሳብ እስማማለሁ» ብሎ ያርፋል። ደግሞ «ሥራው እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «አሪፍ ነበር» ነው። «ዛሬ ያላሰብከው ምን ገጠመህ?» በሉ። ያን ጊዜ ወሬው ይመጣል።

መዝመት በእናንተ አልተጀመረም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በሕብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ተሰማርተዋል። ታላቅ ወንድሜም ዘማች ነበር። ጉድጓድ መቆፈሩንና ፊደል ማስቆጠሩን በሁለት ቃል ያልፈዋል። ማታ ማታ ከገበሬዎቹ ጋር የተከራከሩትን ማውራት ከጀመረ ግን ማን ያስቆመዋል!

በውይይታችሁ መሀል መጋጨት ይኖራል። አትፍሩት። ካኮረፋችሁ ግን በዚያው ሳምንት ተነጋገሩ፤ ኩርፊያ ሲያድር ቡድን ይበትናል።

አንድ ደብተርም ይኑራችሁ። ማን ምን እንዳለ፣ ምን እንደተስማማችሁ፣ ማን ምን ሊሠራ ቃል እንደገባ ጻፉበት። ክረምቱ አልቆ ወደየትምህርታችሁ ስትበተኑ ደብተሩን ለሰፈሩ እድር ጸሐፊ ስጡ። የቀበሌ ሰው ይቀያየራል፤ የእድር ጸሐፊ ግን ወንበሩን ቶሎ አይለቅም። የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ሲመጣ እሳቸው ዘንድ ሄዶ ያነባል፤ የጋሪውን ጉዳይ እንደገና ከሀ አይጀምርም።