መኪናውን በአንድ ቀን፣ ገንዘቡን በሌላ ቀን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ልጆች አሏችሁ፤ ትንሹ የስምንት ወር ነው። እናትሽ በመስከረም ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖሩት፤ ሴዳኗ ጠባችኋለች። ባለቤትሽ «ቅዳሜ ሄደን አዲስ ባለ ሦስት ረድፍ ኤስዩቪ ይዘን እንምጣ» ይላል። ዲለሩም (መኪና ሻጩ ድርጅት) በስልክ «በወር 657 ዶላር አደርግላችኋለሁ» ብሏል። አንቺ ግን ልብሽ አልቆረጠም። የቱን እንግዛ፣ ሊዝ (ለጥቂት ዓመታት ተከራይቶ መመለስ) ይሻላል ወይ፣ ቅዳሜ እንሂድ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

ከመጨረሻው ልጀምር። ቅዳሜ ሂዱ። ግን አትግዙ።

እኔም የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። አዲስ መኪና ሁለት ጊዜ ገዝተናል፤ በ2017 እና በ2024። የመጀመሪያው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ2017 ሁለተኛዋ ልጄ አምስት ወሯ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት «ለማየት ብቻ» ብለን ወጣን። ሻጩ ሰው አክባሪ፣ ተጫዋች ነበር። ለእኛ ውሃ፣ ለትልቁ ልጄ ፊኛ ሰጠ። ከዚያ በጨዋታ መሀል «በወር ስንት ብትከፍሉ ይመቻችኋል?» አለን። ባለቤቴ «ከ500 ባይበልጥ» አለ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ስለ መኪናው ዋጋ የተነጋገርን አይመስለኝም። ወሬው ሁሉ 500 ላይ ሆነ። ሻጩ ወደ ማናጀሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ 540 ይላል። እኛ አይሆንም እንላለን። እንደገና ይሄዳል። በመጨረሻ 498 ሲለን የተሳካልን መሰለን። ስድስት ሰዓት ተቀምጠናል። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ትልቁ ርቦታል። ፋይናንስ ክፍል (የብድሩ ወረቀት የሚፈረምበት ቢሮ) ስንገባ የቀረበልንን ሁሉ ፈረምን።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። ብድሩ የ84 ወር ነው። ሰባት ዓመት! በላዩ ላይ የቀለም መከላከያ፣ የተራዘመ ዋራንቲ፣ የጎማ ዋስትና ተጨምሮበታል፤ አንድ ላይ ወደ 4 ሺህ ዶላር። ሰኞ ዕለት ተመልሼ ሄድኩ። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» ሲባል ሰምቼ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ልክ አይደለም። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ሕግ ቤትሽ ድረስ መጥተው ለሚሸጡልሽ ዓይነት ነገር ነው። ዲለር ቤት ሄደሽ ለፈረምሽው መኪና አይሠራም። ፈርመሽ ከወጣሽ መኪናው ያንቺ ነው። ያዳንኩት ነገር ቢኖር ዋራንቲውን ነው። እሱ ለብቻው ውል ስለሆነ በጽሑፍ ጠይቄ አሰረዝኩት። ያም ቢሆን ገንዘቡ እጄ አልገባም፤ ከብድሩ ላይ ተቀነሰ። በየወሩ የምንከፍለው ያው 498 ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛው ልጅ ሲወለድ ትልቅ መኪና ለመቀየር ጠየቅን። ዕዳችን ከመኪናው ዋጋ በልጦ ተገኘ። ስለዚህ ሦስት የሕፃን ወንበር አንድ ረድፍ ላይ ጠቅጥቀን አራት ዓመት ኖርን። ክረምት ላይ፣ ወፍራም ጃኬት የለበሰ ልጅ መሀል ወንበር ላይ ለማሰር ስትታገይ፣ ያን ቅዳሜ ደጋግመሽ ታስቢዋለሽ።

አሁን ወደ ተነገራችሁ 657 ልምጣ። የምትበደሩት ወደ 45 ሺህ ዶላር እንደሆነ ጽፈሻል። ካልኩሌተር ላይ አስገባሁት። ወለዱ 6 በመቶ ነው ብንል፣ በ60 ወር ከሆነ በወር 870 ገደማ ይመጣል። በ72 ወር 746 ገደማ። 657 የሚመጣው በ84 ወር ነው። ሻጩ የወሩን ብዛት ነግሯችኋል? ጥያቄሽ ላይ የለም። በ60 ወር የምትከፍሉት ወለድ 7,200 ዶላር አካባቢ ነው፤ በ84 ወር ግን 10,200። ያው መኪና፣ ያው ወለድ፣ የ3 ሺህ ዶላር ልዩነት። ትንሹ ልጅሽ ሁለተኛ ክፍል ሲገባም ገና ትከፍላላችሁ። 870 ከከበዳችሁ ዝቅ ያለውን ሞዴል እዩ፣ ወይም ዳውን ፔይመንቱን (መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን) ከፍ አድርጉ። ወሩን አታስረዝሙት።

ቅዳሜ እንግዲህ የመኪናው ቀን ይሁን። የገንዘብ ወሬ አይነሳ። ቢጠይቋችሁ «ዛሬ ልካችንን ልናይ ነው የመጣነው» በሉ። ሦስቱንም የልጆች ወንበሮች ከሴዳኗ ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ያደክማል፣ አውቃለሁ። እኛ በ2024 ሦስት ዲለር ቤት እንዲሁ አድርገናል፤ ከዚያ በላይ የጠቀመን ነገር የለም።

ለምን መሰለሽ? ብሮሹሩ ላይ «ስምንት ሰው ይይዛል» ይላል። ወደ ኋላ የሚዞረው የሕፃን ወንበር ሲታሰር ግን የፊተኛው ወንበር ወደፊት ይገፋል። ባለቤትሽ ረጅም ከሆነ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካል። ይህን ብሮሹር አይነግርሽም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሕፃን ወንበር ታስሮ እያለ ወንበሩ አጋድሞ ለሦስተኛው ረድፍ መንገድ ይሰጣል ወይ? በብዙ መኪና አይሰጥም። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚገባው ሰው በየት እንደሚገባ እዩ። ሁለተኛው ረድፍ «ካፒቴን ቼር» የሚሉት ሁለት የተለያየ ወንበር ከሆነ ትልቁ ልጅ በመሀል ሾልኮ ይገባል። ግን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ይቀንስብሻል። እናትሽ የት ነው የሚቀመጡት? የእኔ እናት ጉልበቷ ታማሚ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ጨርሶ አልሆነላትም። እኛ ትልቁን ልጅ ወደ ኋላ ልከን እሷን ሁለተኛው ረድፍ ላይ አደረግናት።

ከዚያ ሻንጣ። እናትሽ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዘው ይመጣሉ፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ። ከደለስ ኤርፖርት ስትመለሱ ሦስቱም ረድፍ ሰው ይዞበታል። ሻንጣው የት ይገባል? ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከኋላው የሚቀረው ቦታ ከመኪና መኪና በጣም ይለያያል። ለምሳሌ ቶዮታ ሃይላንደር (ከ2020 እስከ 2025 ያለው ሞዴል) 16 ኪዩቢክ ጫማ ይቀረዋል። በ2023 የወጣው ግራንድ ሃይላንደር ደግሞ 20.6። ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። እኛ ባዶ ሻንጣ ይዘን ሄደን ስንሞክረው ግን አንደኛው በሩ አልዘጋ አለ፣ ሌላኛው ተዘጋ። የገዛነው የተዘጋውን ነው። ሆንዳ ፓይለትን፣ ኪያ ቴሉራይድን፣ ሃዩንዳይ ፓሊሴድንም እንዲሁ ሞክሯቸው። ሁሉም ደህና መኪኖች ናቸው። ለእናንተ የሚሆነውን ሻንጣውና ወንበሩ ይነግሯችኋል።

ኤስዩቪ ብለሽ ጠይቀሻል፣ ግን እዚያው ሳላችሁ አንድ ሚኒቫን ውስጥም ግቡ። በሩ ተንሸራቶ ይከፈታል፣ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው። ባለቤቴ «የሚኒቫን ነገር አይነሳብኝ» ስላለ ሳንሞክረው ቀረን፤ እናቴ በመጣች ቁጥር አስበዋለሁ።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር ብቻ። የመንግሥቱን ባለ አምስት ኮከብ የደህንነት ደረጃ ሁሉም ያያል። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና እያጋጨ የሚፈትሸውን አይ አይ ኤች ኤስ (IIHS) የሚባል ድርጅትንም እይው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በአንደኛው የግጭት ፈተና ላይ የኋላ ወንበርም ላይ የሰው አምሳያ ያስቀምጣሉ፤ መጠኑ የ12 ዓመት ልጅ ያህል ነው። ልጆቻችን ኋላ ነው የሚቀመጡት። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ያንን ውጤት ነው።

መኪናውን ከመረጣችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። የገንዘቡ ሥራ የሚሠራው ቤት ተቀምጦ ነው።

በ2024 እቁብ ወጣልኝ፣ 12 ሺህ ዶላር። ለዳውን ፔይመንት አስቀመጥኩት። ከዚያ ዲለር ሳልረግጥ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ የሆነ የቁጠባና ብድር ተቋም) ሄጄ ብድሩን አስፈቀድኩ። 6 በመቶ ሰጡኝ። ሁለትና ሦስት ቦታ ብትጠይቂ ክሬዲትሽ ይጎዳል ብለሽ አትፍሪ። በ14 ቀን ውስጥ የተጠየቀ የመኪና ብድር እንደ አንድ ጥያቄ ነው የሚቆጠረው። ይህን የማደርገው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ዲለሩ ብድር ሲያገኝልሽ ባንኩ 6 ቢለው ለአንቺ 8 ሊልሽ ይችላል። ልዩነቱ ለዲለሩ ነው፣ ሕጋዊም ነው። በ45 ሺህ ዶላር፣ በ60 ወር፣ ያ ሁለት ነጥብ 2,500 ዶላር ገደማ ያስወጣሻል። የራስሽ ፈቃድ እጅሽ ላይ ካለ ግን እነሱ ሊያሻሽሉት ይሞክራሉ። እኔን 5.4 አሉኝ፤ ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንደሌለው አረጋግጬ ወሰድኩት። አምራቹ ራሱ ዝቅተኛ ወለድ የሚያወጣበት ጊዜም አለ። ያኔ ዝቅተኛውን ወለድ የምታገኚው የጥሬ ገንዘብ ቅናሹን ትተሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ ሁለቱን አስልተሽ የሚሻለውን ያዢ።

ቀጥሎ ለስድስት ዲለሮች ኢሜይል ላክሁ፤ ሁለቱ ሜሪላንድ፣ አንዱ ሪችመንድ። የምፈልገውን ሞዴልና ቀለም ጽፌ «አውት ዘ ዶር ዋጋውን በጽሑፍ ላኩልኝ» አልኩ። ይህ ማለት ታክሱን፣ ታርጋውን፣ የዲለሩን ፕሮሰሲንግ ፊ፣ የተለጣጠፈበትን ሁሉ ያካተተ የመጨረሻ ቁጥር ነው። ሁለቱ «ይምጡና እንነጋገር» አሉ፤ ተውኳቸው። አራቱ ላኩ። በትልቁና በትንሹ መካከል የ2,900 ዶላር ልዩነት ነበር፣ ለአንድ ዓይነት መኪና! ትንሹን ለሌሎቹ አሳየሁ፤ አንዱ ተጨማሪ 400 ቀነሰ። ይህ ሁሉ የሆነው ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ማንም አላጣደፈኝም።

ከቨርጂኒያ ብትገዙ ታክሱ ይቀንስልናል ብላችሁ ግን አታስቡ። ታክሱ መኪናው በሚመዘገብበት ስቴት ነው። ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ነው፤ ሜሪላንድ ከሐምሌ 2025 ወዲህ 6.5 ሆኗል። የ45 ሺህ መኪና ከሆነ ወደ 2,925 ዶላር ማለት ነው። በሌላ በኩል እኛ ቨርጂኒያዎች በየዓመቱ የመኪና ንብረት ግብር እንከፍላለን፣ እናንተ የለባችሁም።

ሊዝን በተመለከተ ለእናንተ አልመክርም። በዓመት 10 ወይም 12 ሺህ ማይል ተብሎ ይገደብባችኋል፤ ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል ይከፈላል። ሦስት ልጅ የያዘ መኪና ደግሞ ወንበሩ ጭማቂ ሳይፈስበት ሦስት ዓመት አይቆይም፤ ሲመለስ ያም ይጠየቃል። ባለቤትሽ ትርፍ ሰዓት ኡበር ልሥራበት ቢል ብዙው የሊዝ ውል አይፈቅድም።

ሌላም ነገር አለ። በ2025 የወጣው የታክስ ሕግ ከ2025 እስከ 2028 ድረስ የአዲስ መኪና ብድር ወለድን ከገቢ ላይ ለመቀነስ ይፈቅዳል፤ በዓመት እስከ 10 ሺህ ዶላር። መኪናው አሜሪካ ውስጥ የተገጣጠመ መሆን አለበት። ሊዝ አይገባበትም። ባልና ሚስት አብራችሁ ታክስ የምትሠሩ ከሆነ ገቢያችሁ ከ200 ሺህ ሲያልፍ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። የት እንደተገጣጠመ መስኮቱ ላይ ያለው ስቲከር ይነግርሻል። የእኛ የ2024 ብድር ስለሆነ አልደረሰንም፣ እናንተ ግን ሊደርሳችሁ ይችላል።

ኢንሹራንሱንም ከመፈረማችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። የእኛ ከሴዳኑ በወር 90 ዶላር ጨምሯል።

የፊርማው ቀን ልጆቹን ሰው ጋ ተዉአቸው። በልታችሁ ሂዱ። ፋይናንስ ክፍል ውስጥ «በወር 38 ዶላር ብቻ ነው» የሚባል ነገር ሲመጣ በወሩ ብዛት አባዢው። 38 በ60 ወር 2,280 ነው። ዋራንቲውን ከፈለጋችሁት የፋብሪካው ዋራንቲ ሳያልቅ በኋላም መግዛት ይቻላል፤ ያኔውኑ ካልፈረማችሁ ያመልጣችኋል ቢሏችሁ አትቀበሉ። ከመፈረምሽ በፊት የብድሩን መጠን፣ የወለዱን መቶኛ፣ የወሩን ብዛት በጣትሽ እያመለከትሽ አንብቢ። ኢሜይሉ ላይ ካለው በአንድ ዶላር ቢለይ ቁሙ። እኔ 300 ዶላር ለጎማ የናይትሮጅን አየር ተብሎ ተጨምሮ አግኝቼ አስወጥቻለሁ።

ባለቤትሽ የሚቸኩለው እናትሽ ሳይመጡ ለመድረስ ይመስለኛል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ደስ ይላል። ግን እስከ መስከረም ካልደረሰላችሁ ለኤርፖርቱ ቀን ሚኒቫን ተከራዩ። ሻንጣውም ይገባል። ለእናትሽ ጉልበት የሚሆን መኪና ምን ዓይነት እንደሆነም ያን ቀን ሲገቡና ሲወጡ ታዩታላችሁ።