ልጄ ከጎኗ ከሚቀመጠው ልጅ ያነሰ ለምን ይከፈላታል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አገር ቤት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚህ መኪና እነዳለሁ። ልጄ የአካውንቲንግ ተማሪ ናት፤ ዜግነትም አላት። በሰኔ ወር ዋሽንግተን በሚገኝ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በኢንተርንነት ተቀጥራ ጂ ኤስ 3 የሚባል የደመወዝ ደረጃ ሰጧት። አብሯት የሚቀመጠው ወንድ ልጅ ያንኑ ሥራ እየሠራ ጂ ኤስ 4 ነው፤ በሰዓት ወደ ሁለት ዶላር ይበልጣታል። ለምን ብላ ስትጠይቅ “ትራንስክሪፕትሽ 57 ክሬዲት ነው የሚለው” አሏት። አሁን ግን 63 ደርሳለች። ይህ በስሟና በመልኳ የመጣ አድልዎ አይደለም ወይ? ያለፈው ልዩነትስ ይመለስላታል? ሄጄ ላነጋግራቸው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ አይሂዱ። ልጅዎ አካለ መጠን የደረሰች ሠራተኛ ናት። የሥራ ማኅደሯን ያለ ጽሑፍ ፈቃዷ ለሌላ ሰው፣ ለአባቷም ቢሆን፣ እንዳይገልጡ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ይከለክላቸዋል። ተቆጥተው ገብተው ሳይሰሙዎት ይመለሳሉ፤ እሷ ደግሞ አባቷን ይዛ የመጣች ኢንተርን ትባላለች።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ አገር ቤት መንግሥት ቤት ስለሠሩ ግማሹን ያውቁታል። የሥራ መደብ፣ ደረጃ፣ እርከን የምንለው እዚህም አለ። ጂ ኤስ የሚባለው ስኬል 15 ደረጃዎች አሉት፣ እያንዳንዱም 10 እርከን አለው። እዚያም እንደሚያውቁት፣ ደረጃው የመደቡ ነው እንጂ የሰውየው አይደለም። ልጅዎ የቆጠረችው ክሬዲት “በዚህ ደረጃ መቀጠር ትችላለች” ያሰኛል፤ “ይህ ደመወዝ ይገባታል” ግን አያሰኝም። የብዙ ተማሪ ቅሬታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ለተማሪ ሠራተኞች ፓዝዌይስ የሚባለው ፕሮግራም ከ2012 ጀምሮ ይሠራል። የፌዴራሉ የሰው ኃይል አስተዳደር መሥሪያ ቤት ያወጣው የተማሪዎች መመዘኛ እንደ መሰላል ነው። ሃይስኩል የጨረሰ ጂ ኤስ 2፣ ከዚያ በላይ አንድ ሙሉ ዓመት የተማረ ጂ ኤስ 3፣ ሁለት ዓመት የተማረ ጂ ኤስ 4፣ ባችለር የያዘ ጂ ኤስ 5 ሊቀጠር ይችላል። “ሙሉ ዓመት” የሚለካው በክፍል ወይም በዕድሜ አይደለም፤ 30 የሴሚስተር ክሬዲት ነው። ስለዚህ 3ን ከ4 የሚለየው መስመር 60 ነው። ልጅዎ “ሦስተኛ ዓመት ነኝ” ብትልም በ57 ክሬዲት ያንን መስመር አልተሻገረችም ነበር። ከጎኗ የሚቀመጠው ልጅ ምናልባት 61 ይዞ ነው ያመለከተው።

ክሬዲቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ማስታወቂያው በተዘጋበት ቀን ባለው ሁኔታ ነው። ልጅዎ በዊንተር ትራንስክሪፕት ልካ፣ የስፕሪንጉን ሴሚስተር ጨርሳ በሰኔ ሥራ ስትጀምር፣ ማኅደሩ ላይ ያለው አሮጌው ወረቀት ነው። በተጨማሪ አንድ ነገር ያጣሩ፦ ከዩኒቨርሲቲው በፊት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምራ ነበር? በዝውውር ያልተመዘገበ ኮርስ ካለ የዚያ ኮሌጅ ትራንስክሪፕትም መግባት ነበረበት። ሦስት ክሬዲት የአንድ ኮርስ ጉዳይ ነው። አንዲት ኮርስ በሰዓት ሁለት ዶላር ስታስቀር ደጋግሜ አይቻለሁ።

አሁን ሁለት ወረቀት ታውጣ። አንደኛው ያመለከተችበት ማስታወቂያ ነው። “ጂ ኤስ 3” ብቻ የሚል ከሆነ መደቡ ራሱ 3 ነው፤ 90 ክሬዲት ብትይዝም በዚያ ማስታወቂያ ከ3 በላይ አትቀጠርም። “ጂ ኤስ 3/4” የሚል ከሆነና በመዝጊያው ቀን 60 ክሬዲት እንደነበራት ማሳየት ከቻለች፣ ስህተቱ ይታረምልኝ ለማለት ጥሩ መሠረት አላት። ሁለተኛው ወረቀት ኤስ ኤፍ 50 የሚባለው፣ መሥሪያ ቤቱ ቅጥሯን ያሳወቀበት ቅጽ ነው። ሣጥን 18 ላይ ደረጃ፣ 19 ላይ እርከን፣ 20 ላይ ደመወዝ፣ 39 ላይ የሥራ ቦታ ተጽፏል። 39ን አይለፉት። ዋሽንግተንና ባልቲሞር አካባቢ በመነሻ ደመወዝ ላይ የሚጨመረው የአካባቢ ክፍያ በ2025 33.94 በመቶ ሲሆን፣ የራሱ ተመን የሌለው ሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚያገኘው 17.06 በመቶ ነው። ከቤት የምትሠራ ከሆነች በሁለት ሳምንቱ የክፍያ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ቀን ቢሮ መገኘቷ የትኛው ተመን እንደሚታሰብላት ሊወስን ይችላል። እዚህ ላይ ስህተት ከተገኘ እውነተኛ የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ይቀርባል፣ የማቅረቢያው ጊዜም ስድስት ዓመት ነው። ሠራተኛ ማኅበር ካለ ግን በኅብረት ስምምነቱ መንገድ መሄድ ግዴታ ሊሆን ይችላል።

ዓመታዊውን ደመወዝ ለ2,080 የሥራ ሰዓት አካፍለው “በሰዓት አጎደሉባት” የሚሉ ወላጆች አጋጥመውኛል። ሕጉ የሚያካፍለው ለ2,087 ነው፤ በ28 ዓመት ዑደት ውስጥ ያሉት የሥራ ሰዓቶች አማካይ ይህ ስለሆነ ነው። 40,000 ዶላር በዚህ ስሌት 19.17 ይሆናል እንጂ 19.23 አይሆንም። ስድስቷ ሳንቲም አልተሰረቀችም።

ያለፈው ልዩነት ይመለስላታል ወይ ላሉት፣ የማስታወቂያው ደረጃ 3 ብቻ ከነበረ አይመለስም። “ያንኑ ሥራ ነው የምሠራው” የሚለው ክርክር ከ50 ዓመት ገደማ በፊት ተሞክሯል። ሁለት የመንግሥት ጠበቆች ጂ ኤስ 13 ሆነው፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት ጂ ኤስ 14 ስለሆኑ ልዩነቱ ወደ ኋላ ይከፈለን ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 በቴስታን ጉዳይ አልፈቀደም። የመደቡ ደረጃ ይስተካከል ብሎ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ መለኪያው ግን የተጻፈው መመዘኛ ነው፣ የጎረቤት ደመወዝ አይደለም። በዚያው ደረጃ ላይ ከፍ ያለ እርከን መጠየቅም ሥራ ከመጀመሯ በፊት መጽደቅ የነበረበት ነገር ስለሆነ አልፏል። ለታናናሾቿ ይንገሯቸው፤ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይጠይቁ።

አድልዎውን ቀለል አድርጌ አላየውም። በጾታ የተነሳ የተለያየ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የእኩል ክፍያ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ክስ ለማቅረብ ሁለት ዓመት፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ሦስት ዓመት አላት። በዘር ወይም በትውልድ አገር ከሆነ ግን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን የእኩል ዕድል አማካሪ በ45 ቀን ውስጥ ማግኘት አለባት። እያንዳንዱ ደመወዝ ሲከፈል ቀኑ እንደ አዲስ ይቆጠራል የሚል ክርክር አለ፤ እኔ ግን በ45 ቀን አልጫወትም። ቢሆንም እስካሁን በነገሩኝ መሠረት ልዩነቱ በክሬዲት የመጣ ይመስላል፤ ያ ከጾታም ከዘርም ውጪ የሆነ ምክንያት ነው። ልጁ እንደ እሷ ከ60 በታች ይዞ 4 ከተሰጠው ነገሩ ይለወጣል። ይህን ለማወቅ ደግሞ ልጁን መጠየቅ ይበቃል፤ ጓደኛሞች አይደሉም እንዴ?

ከሁሉ የሚሻላት መንገድ ወደፊት ያለው ነው። መሥሪያ ቤቱ መስፈርቱን ያሟላ ኢንተርንን ወደሚቀጥለው ደረጃ ማሳደግ ይችላል። “ይችላል” እንጂ “አለበት” አይደለም፤ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው። ካልጠየቀች ማንም ትራንስክሪፕቷን ፈልጎ አያወጣም። ሥራውን ወድዳ መቆየት ከፈለገች ደግሞ ከትምህርቷ ጋር የሚዛመድ 480 ሰዓት ሠርታ ስትመረቅ ያለ ውድድር ወደ ቋሚ መደብ ልትዛወር ትችላለች፤ ሰዓቱ ቀድሞ 640 ነበር፣ በ2024 ተቀነሰ። ስለዚህ ከአለቃዋ ጋር ስትነጋገር ይህንን በአእምሮዋ ትያዝ።

በእርስዎ ስልክ ሳይሆን በራሷ የሥራ ኢሜይል ለአለቃዋና ለኤች አር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) ይህን ያህል ብቻ ትጻፍ፦ “ሳመለክት ያቀረብኩት ትራንስክሪፕት 57 ክሬዲት ይል ነበር። አሁን 63 ጨርሻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲዬ የሰጠኝን ይፋዊ ትራንስክሪፕት አያይዣለሁ። የጂ ኤስ 4 መስፈርት ስላሟላሁ የደረጃ ዕድገት እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ። የማይቻል ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ።” ከጎኗ ስለሚቀመጠው ልጅ በዚህ ደብዳቤ ምንም አታንሳ። መልሱን ይዛ ብትመጣ እኔም አየዋለሁ።