ውሃ በጎንደር ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነን። በኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውሃ ስናፈላ ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ደርሶ ቆመ። መጽሐፉ 100 ስለሚል ሪፖርቱ ላይ 100 ብለን ጻፍን፤ ውጤት ተቀነሰብን። ቴርሞሜትሩ ቢበላሽ ጥፋቱ የእኛ ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ቴርሞሜትሩ ደህና ሳይሆን አይቀርም። የተቀነሰባችሁ ያላያችሁትን ስለጻፋችሁ ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ካለው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ እዚያ ግፊቱ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ግፊቱ ወደ 585 ይወርዳል፤ ውሃውም 93 አካባቢ ይንተከተካል። ባቄላና ሽምብራ ከቆላው ይልቅ እዚህ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ነው፤ እሳቱን ብታበዙት ውሃው ቶሎ ይጎድላል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

ከተጠራጠራችሁ ፈትኑት። በረዶ አድቅቃችሁ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት፤ የቴርሞሜትሩን ጫፍ መሃሉ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። 0 ካነበበ ጤነኛ ነው፤ የበረዶ መቅለጫ እንደ መፍያው በከፍታ አይናጋም። ስታፈሉም ጫፉ የቢከሩን ወለል አይንካ።

ይኸው ግፊት ማግኒዚየምን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟምታችሁ ሃይድሮጂን ስትሰበስቡ እንደገና ይመጣል። 0.05 ግራም ማግኒዚየም ለ24.3 ሲካፈል 0.00206 ሞል (የኬሚስትሪ የብዛት መለኪያ) ነው፤ የሚወጣው ሃይድሮጂንም ያንኑ ያህል ሞል ነው። ብዙ ተማሪ በ22.4 አባዝቶ 46 ሚሊ ሊትር ይጠብቃል። 22.4 ሊትር ግን አንድ ሞል ጋዝ በ0 ዲግሪና በ760 ግፊት የሚይዘው መጠን ነው። ጋዙ የሚሰበሰበው በውሃ ላይ ስለሆነ በ20 ዲግሪ 17.5 ያህሉ ግፊት የውሃ እንፋሎት ድርሻ ነው፤ ከ585 ሲቀነስ 567.5 ይቀራል። 0.00206 በ62.4 (የጋዝ ቋሚ ቁጥር) በ293 (20 ዲግሪ በኬልቪን) ተባዝቶ ለ567.5 ሲካፈል 0.066 ሊትር፣ ማለትም 66 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ጋዙ የሚሰበሰብበት ቱቦ ባለ 50 ሚሊ ሊትር ከሆነ ጋዙ ከታች ያመልጣል፤ የማግኒዚየሙን ሪባን (ጥብጣብ) ወደ 0.03 ግራም አሳንሱት። ከማንበባችሁ በፊት ቱቦውን ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ የውስጡንና የውጪውን ውሃ ደረጃ እኩል አድርጉ፤ ይህን የሚያስታውስ ተማሪ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ቀን ኬሚስትሪ እማራለሁ፤ ማታ ደግሞ የክርስትና ትምህርት አሰጣጥ ኮርስ እወስዳለሁ። ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጆች ምሥጢረ ሥላሴን የሚያስተምር የ40 ደቂቃ ዕቅድ ታዘናል። በረዶ፣ ውሃና እንፋሎትን በምሳሌነት ላቅርብ? (ከአራዳ)

መልስ፦ አያቅርቡ። አንዱ ውሃ ተራ በተራ በረዶ፣ ፈሳሽና እንፋሎት ይሆናል፤ ይህ አንዱ አካል በየጊዜው መልኩን እየቀየረ ታየ ያለው የሰባልዮስ ትምህርት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያወገዘችው። ኬሚስትሪ ስለሚማሩ «በ0.01 ዲግሪ ሦስቱም አብረው ይኖራሉ» ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው፤ ግን እዚያ ከውሃው ከፊሉ በረዶ፣ ከፊሉ ፈሳሽ፣ ከፊሉ እንፋሎት ነው። ሦስቱን አካላት ከመቀላቀል ሸሽተው አንዱን አምላክ መከፋፈል ላይ ይወድቃሉ።

አባቶች የሚመርጡት ፀሐይን ነው፤ ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ። ወይም የነፍስን ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ። እነዚህም ምሳሌ ዘየሐጽጽ፣ ማለትም ከእውነቱ የሚያንስ ምሳሌ፣ መሆናቸውን ለልጆቹ በግልጽ ይንገሯቸው።

የጎንደር ልጅ ግን ከምሳሌ በፊት የሚያውቀው ነገር አለ፤ የፋሲል መዋኛን። ጥር 10 ታቦታቱ ሲወርዱ፣ ጥር 11 ውሃው ሲባረክ አይቷል። ከዚያ ተነሥተው ወደ ማቴዎስ 3፥13-17 ይግቡ፤ ወልድ በዮርዳኖስ፣ አብ በድምፅ፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ። በዓሉ አስተርእዮ፣ መገለጥ፣ የተባለው ለዚህ ነው።

ዓላማውን «ልጆቹ ምሥጢረ ሥላሴን ይረዳሉ» ብለው ከጻፉ መምህሩ ይመልስልዎታል፤ መረዳት በምን ይለካል? «በወንዙ ማን እንደነበረ፣ ድምፁ የማን እንደሆነ፣ በርግብ አምሳል ማን እንደወረደ ሳይሳሳቱ ይናገራሉ» ይበሉ። ለጸሎትና ላለፈው ክለሳ 5 ደቂቃ፣ ለንባቡ 8፣ ለማብራሪያው 12፣ ልጆቹ ራሳቸው እንዲተርኩ 10፣ ለጥያቄ 5 ይበቃል። ሰዓት የሚያልቀው መግቢያው ላይ ነው፤ ሁሉም ልጅ ጠበል የተረጨበትን ቀን ሊያወራ ይነሣል። ለሁለት ልጅ ብቻ ዕድል ይስጡ። አንዱ «በየዓመቱ እንጠመቃለን» ካለ ሳያርሙ አይለፉት፤ ጥምቀት አንዲት ናት፣ የጥር 11ዱ መታሰቢያ ነው።

ጥያቄ፦ 1 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ጨመርኩ። 0.1 ሞላር ሆነ? (ከማራኪ)

መልስ፦ በግምት ብቻ። ሞላር በአንድ ሊትር ድብልቅ ውስጥ ያለ የሞል ብዛት ነው፤ ስለዚህ 250 የተሟሟው ድብልቅ ጠቅላላ መጠን መሆን አለበት፣ የውሃው ብቻ አይደለም። በ150 ሚሊ ሊትር አሟሙተው ያቀዝቅዙ፣ ወደ ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ (አንገቱ ላይ የመጠን መስመር ያለበት ጠርሙስ) ይገልብጡ፣ ቢከሩን ሁለት ጊዜ አለቅልቀው ያንንም ይጨምሩ፣ ከዚያ በጠብታ እስከ መስመሩ ይሙሉ። የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ፍሬዎች ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስቡ ሚዛኑ ያሳየው 1 ግራም በሙሉ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አይደለም። ትክክለኛውን ቁጥር በውሃ የሟሟ 0.41 ግራም ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት (በትክክል ሊመዘን የሚችል ደረቅ አሲድ) ይነግርዎታል፤ ካዘጋጁት ድብልቅ 20 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይጨርሳል። ፊኖልፍታሊኑ (አሲዱ ሲያልቅ ቀለም የሚቀይረው ጠቋሚ) ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ 30 ሰከንድ ከቆየ ያቁሙ፤ ደማቅ ሮዝ ከሆነ አልፈዋል፣ እንደገና ይጀምሩ።