«ለማንም አንሰጥም» አልኳት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ሰውየው ሽጉጡን በሕግ ከያዘ ስሙ ቢታወቅ ምን ይጎዳዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። የመረጃ ጥበቃ ሥራ ሊጀምር ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ያኔ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው የቀሰቀሰብኝን ነገር ለእሱም ለእናንተም ልጻፈው።

አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ፣ በአንድ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ የሽጉጥ ፈቃድ የሚሰጠው ዳኛ ነው፤ ወረቀቱ ግን በእኛ እጅ ያልፋል። ያኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ የባለፈቃዱ ስምና አድራሻ ለሕዝብ ክፍት ነበር። ፋይሉ በብረት መሳቢያ ነው የሚቀመጠው። አንዲት በዕድሜ የገፋች ባልደረባ ነበረችን፤ የመሳቢያውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች፣ ምሳ ስትበላ እንኳ አታወልቀውም። እኛ ወጣቶቹ እንስቅባት ነበር። ጡረታ ስትወጣ ቁልፉ ለእኔ ተሰጠኝ። ጠረጴዛ ላይ ነበር የምጥለው።

አንድ ቀን ሸሚዙ በካውያ የተተኮሰ፣ ትሁት ሰው መጣ። የአንዲት ሴት ስም ጠራልኝ፤ ፈቃድ እንዳላት ማወቅ ፈልጎ ነው። አየሁለት፣ አላት። አድራሻዋን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩትም፤ ሕጉም ጠይቅ አይለኝም።

ከወር በኋላ ሴትየዋ ራሷ መጣች። ባለፈቃድ አድራሻ ሲቀይር በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው፣ የመጣችውም ለዚያ ነው። ቅጹን እየሞላች አዲሱ አድራሻ ጋ ስትደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። የቀድሞ ባሏን በሯ ላይ ቆሞ እንዳገኘችው፣ ከእሱ ሸሽታ ትኖር እንደነበር፣ የሽጉጥ ፈቃድ ያወጣችውም እሱን ፈርታ እንደሆነ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ቤቷን የሚያውቁት እናቷና ይሄ ቢሮ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ቀና ብላ «ይሄንንስ ለማን ትሰጡታላችሁ?» አለችኝ።

«ለማንም አንሰጥም» አልኳት።

ውሸት ነው። በማግስቱ ሌላ ሰው መጥቶ ቢጠይቅ ልሰጠው ነው። እውነቱን ብነግራት ጠበቃ ታማክር፣ ዳኛውን ትለምን፣ አንድ መላ ትፈልግ ነበር። አመነችኝ፣ ጻፈች፣ ሄደች። ለሰውየው አድራሻዋን መስጠቴ ይቆጨኛል፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይሄ ሁለተኛው ነው። ደህና መሆኗን ለማወቅ ፋይሏን በየጊዜው እከፍት ነበር። ያም ቢሆን ሳይፈቀድልኝ ኑሮዋ ውስጥ መግባት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012፣ ኮነቲከት ግዛት ባለው ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ውስጥ 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች በጥይት በተገደሉ በቀናት ልዩነት፣ አንድ ጋዜጣ በእኛው ግዛት ያሉትን የዌስትቸስተርና የሮክላንድ ካውንቲ ባለፈቃዶች ስምና አድራሻ በካርታ አወጣ። ቢሮ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተቆጣሁት እኔ ነበርኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ያቺ ቁራጭ ወረቀት ትዝ አለችኝና አፈርኩ። በጃንዋሪ 2013 ሕጉ ተቀየረና ባለፈቃዱ ምክንያቱን ጠቅሶ ስሙ እንዳይወጣ መጠየቅ ቻለ። ከሚያስፈራቸው ሰው የሚጠብቃቸው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያላቸው ሰዎችም እዚያ ተጠቅሰዋል። ለእሷ ስንት ዓመት የዘገየ ሕግ ነው!

መዝገብ አይኑር አልልም። ፖሊስ ወደተጠራበት ቤት ሲሄድ ውስጡ መሣሪያ መኖሩን ቢያውቅ የሰው ሕይወት ይተርፋል። በ2022 የካሊፎርኒያ ፍትሕ መምሪያ የባለፈቃዶችን ስምና አድራሻ በስህተት ኢንተርኔት ላይ ሲለቀው ግን ምነው ጭራሽ ባይመዘገብ አልኩ። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው።

እናንተ ደግሞ የገዛችሁትን ሽጉጥ፣ የቤታችሁ ቁጥር ከጀርባ እየታየ፣ ፎቶ አንስታችሁ ትለጥፋላችሁ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ያቺ ሴት ያን አድራሻ ለመደበቅ ምን እንደከፈለች ባያችሁ።

ልጄ፣ ስለ ፓስወርድ አልነግርህም፣ ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ። ለጥያቄህ ግን መልሴ እሷ ናት። አንድ ቀን ፊትህ የቆመ ሰው «ይሄን ማን ያየዋል?» ሲልህ፣ የሚያየውን ሁሉ ቆጥረህ ንገረው፤ ቅጹን ጥሎ ቢሄድም።